ፈረሷን ጥሪ

ኦክላንድ፣ መስከረም 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ ሮማነወርቅ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? እኔ በእርስዎ ጸሎት ከእንግሊዝኛውና ከአውቶቡሱ በቀር ደህና ነኝ። የአክስቴ ልጅ ጌታቸውም ከነሚስቱ ደህና ነው፤ ኦክላንድ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ይጎትታል፤ ሰላም በይልኝ ብሎዎታል።

እትዬ፣ ሥራ አገኘሁ! ያውም ሳን ሆዜ። ሰኞ በጠዋት ከፍሩትቬል ባቡር ይዤ ፍሪሞንት እወርዳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ። አዳሬም እዚያው ነው፤ ዓርብ ማታ እመለሳለሁ። አሠሪዬ ሎርና የምትባል ፈረንጅ ናት፤ ስድሳውን አልፋለች። ‘እሳቸው’ ልላት ነበር፤ እንግሊዝኛው ለትንሹም ለትልቁም አንድ ‘ዩ’ ብቻ ሆነብኝና አንቺ ማለቱን ለመድኩት፣ ይቅር ይበሉኝ። አምና ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፤ ምላሷም ተሳስሯል። የቀራት ‘የስ’፣ ‘ኖ’ እና አንድ እዚህ የማልጽፈው ስድብ ነው። ስድቡ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ልጅ የላትም። የሚከፍለኝ የሟች ባሏ ልጅ ነው፤ ሬድውድ ሲቲ ቢሮ ይሠራል፤ በወር አንዴ ብቅ ብሎ ሰዓቱን እያየ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ሎርና በግራ እጇ ቀሚሴን ጎትታ ወደ ጋራዡ ወሰደችኝ። ጥግ ላይ አንሶላ የለበሰ ነገር ነበር፤ ግለጪው አለችኝ በዓይኗ። ብገልጠው ዋንጫ ነው እትዬ! ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጆሮ ያለው፣ ጆሮው የተሰበረ። ከበላዩ ፎቶ ተሰቅሏል። አንዲት ልጅ መኪና ግንባር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ጭቃ በጭቃ፣ ጥርሷ ብቻ ነጭ፤ ዋንጫዋን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። መኪናው ጥቁር ነው፤ ከፊት መስታወቱ እስከ አፍንጫው ድረስ ነጭ መስመር ተቀብቷል። ልጅቷን አየሁ፤ ሎርናን አየሁ። ሎርና በጣቷ ደረቷን መታች። እኔ ነኝ ማለቷ ነው። እጄን በአፌ ጫንኩ። ማንኪያ አፏ ሳይደርስ ሾርባ የሚፈስባት ሴት!

ጌታቸውን ብጠይቀው “ስቶክ ካር ሬሲንግ ነው፤ በቲቪ አይቼዋለሁ፤ ግን ሴት? ኖ ዌይ!” አለኝ። ከመንገድ የተገዛ ተራ መኪና ነው አሉ፤ መስታወቱን አውልቀው፣ ውስጡን በብረት ደግፈው፣ በሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ ሃያውን ሠላሳውን ባንዴ ይለቁታል። እየተጋፉ ይዞራሉ። የሚታጠፉት ሁሌ ወደ ግራ ነው፤ ቀኝ የሚባል ነገር የለም።

መነጽርዎን ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ስላሳደጉኝ እግዜር በጤና ይክፈልዎ።

ልጅዎ ወይንሸት

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት፤

በሰው አገር ፊትሽን ያብራልሽ፤ ክፉ አይይሽ፤ የያዝሽው ይበርክት። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን አታንሺብኝ።

ደብዳቤሽ እንደ ወትሮው በዓባይነህ ጋራዥ ፖስታ ሣጥን በኩል ደረሰኝ። ተከፍቶ ነው የመጣው። የከፈተው ሰው ቢያንስ መልሶ ይለጥፈው እንጂ! ሁሌ ወደ ግራ የሚታጠፉት መኪናዎች ግን ሳያስደስቱት አልቀሩም። እዚህ ቢመጡ ኖሮ ይሄኔ ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ።

ልጄ፣ ስለ ሴትዮዋ የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። ጥያቄ አለኝ። መሪ ስትይዝ እጇ የት ላይ ነው? ኩርባ ስትገባ ፍሬን ትይዛለች ወይስ ነዳጅ ብቻ ቀንሳ ትገባለች? አፈሩ ላይ የኋላው ሲከዳት መሪውን ወዴት ትመልሰዋለች? መናገር ካቃታት በእጇ ታሳይሽ። ለምን እንደምጠይቅ አትጠይቂኝ፤ አሮጊት ሲሰለቻት የማትጠይቀው የለም።

የእኛም መኪና አለች። ባለቤቴን ጋሼ ባዩን የሰፈሩ ሰው እንደ ድሮ ጦረኞች በፈረስ ስም ‘አባ ዳማ’ ይለው እንደነበር ታስታውሻለሽ። ፈረሱ ያቺ ቀይ ዳማ ቮልስ ነበረች፤ ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ ተሽቀዳድመው ዋንጫ የመጣባት። እሱ ካረፈ ወዲህ ጎማዋ ወልቆ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዶሮዬ የኋላ ወንበሯ ላይ ትጥላለች። ዓባይነህ አልፎ አልፎ ይመጣና ዙሪያዋን ዞሮ፣ ኮፈኗን በእጁ ዳሰስ አድርጎ፣ ምንም ሳይል ይሄዳል። እሽጥልሃለሁ ብለው ተቆጣኝ። ዋንጫውን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውለዋለሁ።

መነጽሩን ተዪው። የሴትዮዋን ፎቶ ላኪልኝ። ያለ መነጽር በምን ልታዪው ነው እንዳትይኝ፤ እሱን አየዋለሁ።

ሮማነወርቅ

*

ሳን ሆዜ፣ ጥር 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ሮማነወርቅ፤

ሰላምታዬ ከበዓሉ እኩል ይድረስዎ። ጥምቀትን በደህና አሳለፉ? እኔ ግን ጨንቆኛል፤ ለማን እንደምነግረው ጠፍቶኝ ነው ለእርስዎ የምጽፈው።

የጠየቁኝን ለሎርና ስነግራት ዓይኗ በራ። ትራስ አምጪ አለችኝ በምልክት፤ ትራሱን እንደ መሪ ይዛ በአንድ እጇ አሳየችኝ። ኩርባው ሳይደርስ መሪውን ወደ ግራ፣ የኋላው ሲሸሽ ደግሞ ወደ ቀኝ መለስ። ፍሬን ስላት ‘ኖ!’ ብላ ትራሱን ፊቴ ላይ ወረወረችው። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ስልክ ተደወለ። ዴል የሚባል ሽማግሌ ነው፤ የድሮ ተሽቀዳዳሪዎች ማኅበር አላቸው። የመኪና ሜዳው ከፈረሰ ቆይቷል፤ እነሱ ግን ቦታው ላይ ግንብ ሠርተው፣ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ያሸነፈውን ሁሉ ስሙን በነሐስ ቀርጸው ሊለጥፉ ነው። “እዚያ ቤት የሴት ዋንጫዎች አሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ?” አለኝ። ሎርና አጠገቤ ናት፤ ስትሰማ ጊዜ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ሄጄ የተጻፈውን አነበብኩለት። ሁለቱ ላይ ‘ሎርና ቪየራ’፣ ሦስቱ ላይ ‘ሎርና ሃጊንስ’፣ ሁለቱ ላይ ‘ሎርና ቤክ’ ይላል። የእኔዋ አሠሪ ቤክ ናት። ስለዚህ እንደሚገባኝ ነገርኩት፦ “ሁለቱ የእሷ ናቸው፤ ሌሎቹ የቪየራ ልጅ እና የሃጊንስ ልጅ የሆኑ የሌሎች ሎርናዎች ናቸው፤ አደራ አስቀምጠውባት ይሆናል።” ዴልም “አይ፣ እንግዲያው አምስት አትሞላም፤ በጣም አዝናለሁ፤ ያን ጊዜ ሴቶቹን የሚያስታውስ ሰው እኮ የለም” ብሎ አመስግኖኝ ዘጋው።

ዞር ስል ሎርና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ በግድ ነው። ስድቡንም ተወችው። እትዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር! ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የነገርኩት። ሐሰት ተናግሬ የማይገባትን ነሐስ ላሰጣት ነበር ወይ?

ደግሞ ዴል ምን እንዳለኝ ልንገርዎ። ያኔ ለሴቶች የሚፈቀደው በወንዶቹ ውድድር መሃል፣ ሕዝቡ ለስላሳ ሊገዛ ሲነሣ፣ በተዋሱት መኪና ጥቂት ዙር መዞር ነበር አሉ። ለሴቶቹ ውድድር ያወጡለት ስም የፊት ዱቄት መቀቢያ ማለት ነው፤ ‘ፖውደር ፓፍ’። መኪናዎቹ ተጠግተው የሚጠገኑበት ቦታማ ሴት ዝር አትልም ነበር።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

የጨነቃት ልጅዎ ወይንሸት

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወይንሸት፤

እግዜር ልብ ይስጥሽ። ዛሬ ምርቃቱ ይህ ብቻ ነው።

አንቺ ልጅ! አንዲቷን ሴት ሦስት አድርገሽ ገደልሻት እኮ! የፈረንጅ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ደጅ ላይ ትታ ነው ባሏ ቤት የምትገባው። ‘ሚስስ’ እንደ ‘ወይዘሮ’ ማዕረግ ብቻ መሰለሽ? ስሟም ይለወጣል! እኔ ጣልያኖቹ ጋራዥ ጸሐፊ ሳለሁ ሲኞራዋ ባል በለወጠች ቁጥር ማኅተም ስናስቀርጽ ነው የኖርነው። ቪየራ አባቷ ነው። ሃጊንስ የፊተኛው ባሏ፣ ቤክ የኋለኛው። ሰባቱም ዋንጫ የራሷ ነው። እኛ ሺ ባል ብናገባ፣ ሞተን የእድር ጥሩምባ ሲነፋልን እንኳ የአባታችን ልጅ ነን። አንቺ በአገርሽ ደንብ ፈረድሽባት፤ እሷ ደግሞ ‘እኔው ነኝ’ የምትልበት ምላስ የላትም። እኔ ብሆንም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር።

አሁን አልቅሰሽ ጊዜ አታጥፊ። ይቅርታ ጠይቂያት፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂጂ። ሰውዬው ሴቶቹን የሚያስታውስ የለም ብሎሻል አይደል? ልክ ነው፤ በስም አያስታውሷቸውም። ስለዚህ ስሟን አትጥሪ። ፈረሷን ጥሪ። ፎቶውን አየሁት፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁር ፈረስ ቦራ ነው የሚባለው። ሰው የጋላቢውን ስም ይረሳል፤ ቀድሞት ያለፈውን ፈረስ ግን አይረሳም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፎቶውን ከዋንጫው አጠገብ አቁሜዋለሁ። ጥርሷን ሳየው እስቃለሁ።

ሮማነወርቅ

*

ኦክላንድ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴም ለዳኛዬም ለእትዬ ሮማነወርቅ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እግዜር እርስዎን ለእኔ ያኑርልኝ!

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ሎርና እግር ላይ ወደቅሁ። በእኛ አገር ሴት የአባቷን ስም እንደማትጥል በምልክትም በእንግሊዝኛም አስረዳኋት። ቆይታ ጭንቅላቴን በግራ እጇ ዳሰሰችውና ያን ስድቧን ሰደበችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ቅዳሜ ነበር። ጌታቸው ‘ኦኬ፣ ራይድ እሰጣችኋለሁ’ አለና ኮንቴይነሩን ፈትቶ በዚያ ግዙፍ ትራኩ መጣልን። ሎርናን ተሸክመን ስናወጣት ትስቃለች። ፍሪዌዩ ላይ ጌታቸው ቀስ ሲል ዳሽቦርዱን በመዳፏ እየመታች ታስነዳዋለች። “ቲኬት ልታስቆርጠኝ ነው ይቺ ሴትዮ!” ይላል እሱ።

ስብሰባው አንድ አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ነው። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች ዶናት ይበላሉ። ዴል በአክብሮት ተቀብሎን “እንደነገርኩሽ ነው፤ ሴቶቹን የሚያስታውስ የለም” አለ። እንደመከሩኝ ስሟን አልጠራሁም። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ “ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁር መኪና የሚያስታውስ አለ?” አልኩ።

እትዬ፣ ቤቱ ተናወጠ! አንዱ “ያ መኪና አጥር ውስጥ ከቶኛል!” ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ሌላው ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየኝ። ሌላው ደግሞ “እኔ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ሁሌ የማየው ጀርባውን ነው” አለ። “ነጂው ማን ነበር?” አልኳቸው። “ቪየራ!” አለ አንዱ። “የለም፣ ኤል. ሃጊንስ የሚባል ሰው ነው፤ የወንዶቹ ውድድር ላይ ነው ያሸነፈኝ” አለ ሌላው። “ቤክ!” አለ ሦስተኛው። ሊጣሉ ደረሱ። እኔ ባለጎማ ወንበሯን ገፍቼ መሃላቸው አቆምኳት።

ሎርና አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ከዚያ አጥር ውስጥ የገባውን ሰውዬ ለይታ ያን ስድብ ለቀቀችበት፤ ጥርት አድርጋ! ሰውዬው ተንበረከከ እትዬ። “እሷ ናት! አጥሩ ውስጥ ሆኜ በአጠገቤ ስታልፍ ያለችኝ ይህንኑ ነው! ወንድ መስሎኝ ዘመኔን ሁሉ ሳማው የኖርኩት እሷን ነው!” አለና የማይታዘዘውን ቀኝ እጇን ሳመው። የቀሩት ኮፍያቸውን አወለቁ። ለካ ሴት መከልከሏን ስታውቅ ስሟን በአጭሩ ‘ኤል.’ ብላ አስመዝግባ፣ ፊቷን በመነጽርና በሄልሜት ሸፍና፣ ከወንዶቹ ጋር ትገባ ነበር! ጌታቸው አፉን ከፍቶ ቀረ። “ይቺ ሴትዮ ናት ቀስ አልክ ብላ የተቆጣችኝ?” አለኝና ዕንባው ወረደ።

ነሐሱ ሊሠራ ነው! ምን ስም እንጻፍ ብለው ሦስቱንም በወረቀት ሰጧት። እርሳሱን በግራዋ ይዛ ቪየራን ሰረዘች፤ ሃጊንስን ሰረዘች፤ ቤክን ሰረዘች። የቀረው ‘ሎርና’ ብቻ ነው። ከሥሩ ግንባረ ነጩ መኪና ይቀረጻል። ፈረንጆቹ መስከረም ውስጥ ነው የሚመረቀው ብለውኛል።

ስለ ጋሼ ባዩና ስለ ዳማዋ ቮልስ ለሎርና ስነግራት አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ በእጇ ኩርባ ትሠራለች፤ ‘እንዴት ገባው?’ ማለቷ ነው። እርስዎ ያውቃሉና ጋሼ ባዩ ኩርባውን እንዴት እንደገቡት ይጻፉልኝ።

ወይንሸት

*

ሳን ሆዜ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፤

በያሉበት ሰላም ይሁኑ። ካለወትሮዎ ዝም አሉኝ። ደብዳቤው ጠፍቶ ይሆን? ታመው ይሆን? ወይስ ስለ ጋሼ ባዩ መጠየቄ ኀዘንዎን ቀሰቀሰብዎ? እንዲያ ከሆነ ጥያቄዬን እንዳልጠየቅሁ ይቁጠሩልኝ። ሎርና ግን ፖስተኛው በመጣ ቁጥር በሩን ታያለች። አንድ መስመር ብቻ፣ ‘አለሁ’ ብለው ይጻፉልኝ።

ወይንሸት

*

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት፤

አለሁ። እንደ ዓይንሽ ብሌን ይጠብቅሽ፤ የደከምሽበትን ያሳይሽ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ዋንጫውን መወልወል አቃተኝ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ባዩ ከፎቶው ውስጥ ‘ንገሪያት’ የሚለኝ ይመስለኛል።

ሴትዮዋ ኩርባውን እንዴት ገባው ነው ያለችሽ። ባዩ ያን ቀን ኩርባውን አልገባውም። የገባሁት እኔ ነኝ።

በዋዜማው ወባው ተነሥቶበት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ስሙ ተመዝግቧል፤ የጋራዡ ጓደኞቹ ሁሉ ሥራ ዘግተው መንገድ ላይ ሊወጡ ነው። አልጋው ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መንዳት ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ እሁድ እሁድ ያንኑ መንገድ እየነዳሁ ወደ ደብረ ዘይት እወስደው ነበር። ጠዋት ካፖርቱን ለበስኩ፤ ሄልሜቱንና መነጽሩን አደረግሁ። እንደ አንበሳ ልብ ነበረኝ እንዳልልሽ፤ መነሻው ላይ ሁለቴ ልመለስ ብዬ ነበር። ዱከም ኩርባ ስደርስ ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ሁሉም ፍሬን ይይዛሉ። እኔ አልያዝኩም። ነዳጁን ቀነስ አድርጌ ገባሁ፤ የኋላዋ ሸሸ፤ መለስኳት። አቤት ወይንሸት! መሬቱ ከሥሬ ሲዞር፣ ባሕር ዛፉ ሁሉ ወደ ጎን ሲተኛ፣ እኔና ዳማዋ ብቻ ቀጥ ብለን ስንሄድ! እንደዚያ ቀን በሕይወት ኖሬ አላውቅም።

ቃሊቲ መድረሻው ላይ ቀዳሚ ሆኜ ገባሁ፤ ግን አላቆምኩም። አበደ አሉ ሰዎቹ። አንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባዩ ይጠብቀኝ ነበር። ካፖርቱን አልብሼው፣ መሪው ላይ አስቀምጬው፣ እሱ ነድቶ ወደ ሕዝቡ ሲመለስ እኔ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ በእግሬ መጣሁ። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው ሰው ከደስታው የተነሣ መሰለው።

ባዩን አትውቀሺው። ልናገር ብሎ ነበር፤ ተው ያልኩት እኔ ነኝ። “ሚስቱ ነድታለት” ብለው ሲስቁበት ማየት አልፈለግሁም። ሰፈሩ ‘አባ ዳማ’ ብሎ ሲጠራው እጄን ይዞ ጭምቅ ያደርገኝ ነበር። ሲሞት አልቃሿ ‘አባ ዳማ’ እያለች ስትገጥም ለእሱም ለራሴም አለቀስኩ።

ለማንም እንዳትነግሪ። ለሎርና ግን ንገሪያት፤ እሷ ምስጢር ጠባቂ ናት፤ ምላሷ ታስሮ የለ! ፍሬን አልያዝኩም በያት።

ሮማነወርቅ

*

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሮማነወርቅ፤

አዲሱ ዓመት የእርስዎ ይሁን። በዚህ ደብዳቤ ወይ ይቆጡኛል ወይ ይመርቁኛል፤ ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ደብዳቤዎን ለሎርና ቃል በቃል ነገርኳት። ‘ፍሬን አልያዝኩም’ ያሉት ጋ ስደርስ ዓይኗ ሞላ። ማን እንደሆኑ ስትጠይቀኝ ስምዎን ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ እንደምትውል አይቼ ነበር፤ ጸሎት መስሎኝ ዝም አልኩ።

የምርቃቱ ቀን ሕዝቡ ብዛቱ! የድሮ መኪናዎች ተወልውለው በግንቡ ዙሪያ ቆመዋል። መጋረጃው ሲገለጥ በነሐሱ ላይ ‘ሎርና’ ይላል፤ ከሥሩም መኪናዋ ከነነጭ ግንባሯ። ሎርና ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደች። ዴል ማይክሮፎኑን አፏ ሥር ሲያደርግላት መልሶ ለመንጠቅ ተሰናድቷል፤ ስድቡን ትለቀዋለች ብሎ ነው። ሁላችንም ያንን ነበር የጠበቅነው።

እሷ ግን አንገቷ እስኪገተር ታገለችና “ሮማ” አለች።

ሰዉ ጣልያን አገር የሄደች መስሎት አጨበጨበ። ‘ኖ!’ ብላ ጮኸች። “ሮማ... ወ...” ላቧ ወረደ። እኔ ያን ጊዜ ገባኝና ፊቴን ሸፈንኩ። አፌን ልዘጋ ምዬ ነበር እትዬ፣ እግዜር ምስክሬ ነው። እሷ ግን ክንዴን በግራ እጇ ጨብጣ ወደ ማይክሮፎኑ ጎተተችኝ፤ ያ እጅ መሪ ይዞ የኖረ እጅ ነው፤ አይለቅም። ስለዚህ ተናገርኩ። በኢትዮጵያ ሮማነወርቅ የምትባል ሴት አለች፤ በባሏ ስምና በባሏ ካፖርት ዱከም ኩርባን ፍሬን ሳትይዝ ገብታ አሸንፋለች፤ እስከ ዛሬ ስሟን የጠራ የለም አልኩ።

ማንም አላጨበጨበም። አጥር ውስጥ ገብቶ የነበረው ሰውዬ ወደ መኪናው ሄዶ ሞተሩን አስነሣ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሁሉም ባንዴ! መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ደረቴ ውስጥ ሲመታ ተሰማኝ። ጌታቸው ሩጦ የትራኩን ጥሩምባ ለቀቀው። ዴል ጆሮዬ ላይ “ለትልቅ ነጂ እንዲህ ነው የምናደርገው” አለኝ። እትዬ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለእርስዎ ነበር። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፤ እዚያ ስላልነበሩ አለቀስኩ።

ምስጢርዎን ያወጣነው ሁለታችን ነን። ቅጣቱ ግን ለእኔ ይሁን።

ወይንሸት

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይንሸት፤

በወጣሽበት ሁሉ ስምሽ ይጠራ። የሎርናንም ምላስ የፈታ አምላክ የቀረውን ይፍታላት።

ተቆጥቻለሁ። ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን በሰው አገር ሰው ሁሉ የሰማውን የራሴ ሰፈር አለመስማቱ አናደደኝ። የባዩ ሙት ዓመት ደርሶ ነበር። እድርተኛው በልቶ ጠጥቶ፣ እንደ ወትሮው ‘አባ ዳማን ነፍስ ይማር’ ማለት ሲጀምር ዋንጫውን ከቡፌው ላይ አንሥቼ መሃላቸው አስቀመጥኩት። ሁሉንም ተናገርኩ። ወባውን፣ ካፖርቱን፣ ወፍጮ ቤቱን። ድምፄ ይሰበራል ብዬ ነበር፤ አልተሰበረም።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ ኀዘን አእምሮዋን ነክቷታል ያለ መሰለኝ። ያን ጊዜ ዓባይነህ ተነሣ። ያኔ የባዩ ረዳት መካኒክ ነበር፤ ከዱከም ኩርባ ሆኖ ሊያይ የሄደው እሱ ነው።

“እኔ አውቅ ነበር” አለ።

“ምን ታውቅ ነበር?” አልኩት።

“ጋሼ ባዩ ነፍሳቸውን ይማርና ዱከም ላይ ሁሌ ፍሬን ይነካሉ። የኋላ መብራቷ ቀይ ብልጭ ትላለች፤ አምፖሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አልበራችም። እሁድ እሁድ እርስዎ ሲነዱም በርታ አታውቅም።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ?”

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ። የእርስዎን ነገር እኔ ልናገረው? ያቺን ቮልስ እየመጣሁ የምዳስሳት እኮ ለጋሼ ባዩ ብዬ አይደለም፣ እትዬ።”

ወይንሸት፣ አንድ ሰው አይቶኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የማንም ዓይን ያላየኝ መስሎኝ ስኖር አንድ ሰው አይቶኝ፣ ይዞልኝ ኖሯል። እዚያው ተቀምጬ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ በሙት ዓመት እልልታ ነውር ነው የሚል አልተገኘም።

ዋንጫው ላይ ያለውን የባዩን ስም አላስፋቅም፤ እጄን እየጨመቀ የኖረበት ነው። ዓባይነህ ትናንት አራት ጎማ አምጥቶ ዶሮዬን አስለቅቋታል። ለፋሲካ ዱከም ድረስ እሞክራታለሁ። ለሎርና ይህን ንገሪያት፤ ኩርባው ላይ ስሟን እጠራዋለሁ።

ከእንግዲህ ፖስታው ላይ ‘ለወይዘሮ ሮማነወርቅ’ ብለሽ አትድከሚ። ‘ለአባ ዳማ’ ብለሽ ጻፊ። ዓባይነህ ለማን እንደሆነ ያውቃል።